ውሃ አይባልም

እኔ ጌታነሽ አፈኛ ነኝ፤ ቀየት ገበያ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ማንም አይደብቃችሁም። ባሌ ዳኜ ስንጣላ፣ እግዜር ለመንደሩ ሴት ሁሉ ያሰበውን ምላስ ላንቺ ብቻ ሰጠ ይለኛል። እኔም፣ አንተ ደግሞ ለመስማት ብቻ ተፈጥረሃል እለዋለሁ። በዚህ ዓለም አፌን የምይዘው አማቴ ፊት ብቻ ነበር።

አማቴ ቄስ አትናቴዎስ ናቸው። ኪዳነ ምሕረትን ሲያገለግሉ ነው ፀጉራቸው የሸበተ። ደግ ሰው ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ነገር ግን ቀልድ አያውቁም። አዲስ ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ሰሞን ከደብሩ ምንጭ ተጠምቄ ስወጣ፣ እቴ ውሃው እንዴት ይበርዳል እያልኩ ለጎረቤቴ አወራለሁ፤ ለካ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። «ጠበል ነው እንጂ ውሃ አይባልም» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም። ግን ጉልበቴ እስኪከዳኝ አሰገዱኝ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ያንን ምንጭ ውሃ ብሎ የጠራ ፍጡር የለም። ልጄ ጽናት እንኳ አፏን ስትፈታ መጀመሪያ ከያዘቻቸው ቃላት አንዱ «ጠበይ» ነው።

ይሄን የማወራችሁ ወሬ አምሮኝ አይደለም። ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ስለሚመጣ ነው።

ጽናት አራት ዓመቷ ነው። ከሷ በፊት የወለድኩት ልጅ አልቆየልኝም፤ ለዚህ ነው ስሟን ጽናት ያልኳት፣ እንድትጸናልኝ። ባቄላው ተወቅቶ የገባ ሰሞን፣ የባቄላ ቆሎ አፏን ሞልታ ገለባው ክምር ላይ ስትዘል አባቷ ያዛትና ኮረኮራት። ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። ፊቷ ጠቆረ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ እጇን ወደኔ ዘርግታ ድምፅ አልወጣት አለ። ዘቅዝቄ ይዤ ጀርባዋን መታሁት። ከአፏ ጥቂት ፍሬ ወደቀ፣ ተነፈሰች፣ አለቀሰች። ተመስገን ብለን ረሳነው።

እኛ ረሳነው እንጂ ባቄላው አልረሳንም።

ከዚያ በኋላ ደረቷ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ነገር መጣ። ትስላለች፣ ትንሽ ይሻላታል፣ ደግሞ ትኩሳቱ ይነሳባታል። ጤና ጣቢያ ወስደን ሽሮፕ ተሰጣት፤ ስትጠጣ ሰነበተች፤ ሲርታው ግን እንዳለ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ምች ነው ትላለች፣ ሌላዋ ዓይን በልቷታል ትላለች። እንጥል የምትቆርጠው ወሰኔ ሳትጠራ መጣችና፣ እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አንዴ ልቁረጥላት አለች። አንቺ ሴትዮ፣ አንቺ ዘንድ ጥርስ የታመመም እንጥል ነው፣ እግር የተሰበረም እንጥል ነው አልኳት። ተቀይማኝ ሄደች፤ እስከዛሬም አላናገረችኝ።

አማቴ ጠበል ያስጠምቋት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከምንጩ በብዙ አጠጧትና ወዲያው አስመለሳት፤ ከጠበሉ ጋር አክታ ወጣ፣ ሲርታውም ያን ቀን ቀለል አለላት። አማቴ ደስታቸውን አልቻሉትም። ከእንግዲህ በዚህ ነው የሚወጣላት እያሉ ለዳኜም ለኔም ደጋግመው ነገሩን። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። በማግስቱ ግን ሲርታው ተመለሰ። ከንፈሯ ዙሪያ ሰማያዊ ነገር ያየሁ ሲመስለኝ፣ እህል መውቂያውን ለዳኜ ትቼ ልጄን አዝዬ መሐል ሜዳ ከተማ ሆስፒታል ወረድኩ። አማቴ አብረውኝ ተነሱ፤ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ጠበል ይዘው።

መሐል ሜዳ ያየን ሐኪም ገና ልጅ ነው፤ ጢሙ እንኳ በወጉ አልበቀለም። ደረቷን በግራ አዳመጠ፣ በቀኝ አዳመጠ፣ ደግሞ ወደ ግራ ተመለሰ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ይቺ ልጅ ከመታመሟ በፊት ትን ብሏት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ክው አልኩ። ያ የተቆረጠው ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ራጅ ስትነሳ አንደኛው ሳንባዋ አየር በደንብ እንደማያገኝ ታወቀ። ባቄላው አየር ቧንቧዋ ውስጥ ተቀምጧል፣ ዛሬውኑ ደብረ ብርሃን ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ውሰጃት አለኝ። በመንገድ እንዳታለቅስ፣ እንዳትሮጥ፣ ምንም ፍሬ ነገር እንዳትበላ። ፍሬው ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ግን፣ አለና ሳይጨርሰው ወረቀቱን ጽፎ ሰጠኝ። ምነው ባልጀመረው።

ለዳኜ ደወልኩለት። ነገ በመጀመሪያው መኪና እደርሳለሁ ብሎ ስልኩን ሳይዘጋው ሲያለቅስ ሰማሁት፤ የኮረኮራት እሱ ነዋ። የማጽናናበት ጊዜ አልነበረኝም።

አውቶቡስ ላይ ረዳቱ ጀሪካኑ ከላይ ይጫን አለ። አማቴ በጭራሽ አሉ። ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ እኔና ጽናት በቀረችው ቦታ ተጣበቅን። ጀሪካኑ ከኛ የተሻለ ወንበር አገኘ ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ፤ በሆዴ ነው እንግዲህ። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እጄ ደረቷ ላይ ነው። ሞላሌን ስናልፍ እንቅልፍ ወሰዳት። ሌላ እናት ልጇ ስትተኛ ታርፋለች፤ እኔ ግን ሲርታውን ላለማጣት ጆሮዬን አፏ ላይ ለጥፌ ሄድኩ። ያ የጠላሁት ድምፅ ሲጠፋ ልቤ ይቆማል፣ ሲመለስ እመለሳለሁ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት መንገዱ አይታይም ነበር፤ እኔ እንደሆነ ከልጄ አፍ ሌላ የማየው አልነበረኝም።

ሆስፒታሉ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ሐኪሟ ዶክተር ትርሲት ትባላለች፤ አጠር ያለች፣ ዓይኗ በድካም የጎደጎደ ሴት። ጽናት ፊት ቁጢጥ ብላ አሻንጉሊት የሚያክል መብራቷን አሳየቻትና እየተጫወተች አየቻት። ከዚያ እኔን ወደ ጎን ወስዳ ቁርጡን ነገረችኝ። ባቄላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ በቆየ ቁጥር ቧንቧውን ይዘጋል። ነገ ጠዋት አስተኝተናት በአፏ ቀጭን መሣሪያ አስገብተን እናወጣዋለን። ግን ሆዷ ባዶ መሆን አለበት። ሰመመን ውስጥ ሆና ሆዷ ያለው ነገር ወደ ላይ ከመጣ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል፤ ደህናው ሳንባዋ አንድ ብቻ ነው፣ እሱን ካጣን አንመልሳትም አለችኝ።

«ውሃም ቢሆን?» አልኳት።

«ውሃም ቢሆን።»

አማቴ ደጅ ነበሩ፤ የሕፃናቱ ክፍል ወንድ አያስገቡም። ወጥቼ፣ ከአሁን ጀምሮ በአፏ ምንም እንዳይገባ ብለዋል፣ በባዶ ሆድ ነው የሚሠሩላት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መልካም ነው፣ የእግዚአብሔርም ነገር በባዶ ሆድ ነው የሚሠራው አሉኝ። እኔ ተግባባን ብዬ ተመለስኩ።

ጠዋት ማደንዘዣ የሚሰጠው ወጣት መጣ፤ ምስክር ይባላል። ከትናንት ማታ ጀምሮ የቀመሰችው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጠብታ አልገባም አልኩት። ደጅ ስንወጣ የአማቴን መስቀል ተሳለመና፣ ከደጅ መድኃኒት ቤት የሚመጣ ነገር አለ፣ ሮጥ ብለሽ አምጪ አለኝ። ልጄን ከቀዶ ሕክምናው በር አጠገብ አግዳሚው ላይ ከአማቴ ጋር አስቀምጬ ሄድኩ። መድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ነበረው። ከፊቴ ያለችው ሴት ስለ ሳል መድኃኒት ስትጠያየቅ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ስንት ክፉ ነገር አሰብኩባት።

ስመለስ ጽናት አያቷ ጭን ላይ ሆና የመስቀላቸውን ጫፍ ትነካካለች። ምስክር አረንጓዴ ለብሶ አፉን ሸፍኖ ወጣ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ አሁንም ምንም አልቀመሰችም? «በኪዳነ ምሕረት ስም፣ ጠብታ አልገባም» አልኩ። እስኪ አሁን ምን አስማለኝ? አቅፎ ወሰዳት። በትከሻው ላይ ወደኔ እጇን ዘረጋች፤ ያን ቀን ገለባው ላይ እንደዘረጋችው አዘረጋግ ነው። በሩ ተዘጋ።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አማቴ አጠገቤ መጡና እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «አይዞሽ ልጄ፣ አትፍሪ» አሉኝ። «አንቺ መድኃኒት ቤት ስትሄጂ ጠበሉን በደንብ አጠጥቼልሻለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ስንት አልኳቸው። ከአግዳሚው ሥር የላስቲክ ጠርሙስ አነሱልኝ፤ ባዶ ነው። ከጀሪካኑ ሞልተው ሰጥተዋታል፣ ደግመው ሞልተዋል። ልጅቱ አንድ ሌሊት ሙሉ ጠምቷት ስላደረች እምቢ አላለችም፤ ሆዷ እስኪወጠር ጠጣች። ያን ጊዜ አክታውን እንዳወጣላት ይሄንንም ያወጣው ይሆናል፣ ቢላዋ ሳይነካት ብዬ ነው አሉኝ። በባዶ ሆድ ነው የሰጠኋት፣ እንዳሉት አደረግኩ አሉ። ፊታቸው ብርሃን ነበር። በጎ የሠራ ሰው ፊት ነበር።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ምስክር ጠበብ አድርጎ ከፈተና፣ ምንድነው እናት አለኝ።

«ጠጥታለች» አልኩት። «ውሃ ጠጥታለች፤ አሁን፤ እዚሁ።»

አንዴ እኔን አንዴ አማቴን አየ። አሁን አይደል እንዴ የማልሽልኝ አለኝ። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ አማቴ ከኋላዬ ወገባቸውን አቀኑና፣ ቅዳሴ ላይ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ውሃ አልጠጣችም። ጠበል ነው» አሉ።

የምስክር ዓይን ሲለሰልስ አየሁ። እሱም የክርስቲያን ልጅ ነው። ጠበል ብቻ ከሆነስ ከንፈር ማርጠብ ነው፣ እዚህ ሳያስነካ የሚገባ የለም፣ ጠብታ አይጎዳትም አለ። እንደዚህ ቁርጥ ያለ ቃል የተናገሩት ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ካህን፣ በሩን የምትደበድበው ደግሞ ፍርሃት ያሰከራት እናት፤ ማንን ይመን? አይደለም፣ ጠብታ አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። እኔ አፈኛዋ፣ እኔ ለመንደር የሚበቃ ምላስ ያለኝ፣ ቃል አጣሁ። የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ተቀመጪ እናት፣ አይዞሽ ብሎ በሩን መግፋት ጀመረ።

እጄን በበሩ መሃል አስገባሁ። ዞሬ የአማቴን ነጠላ ጨመደድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ነክቻቸው አላውቅም።

«አባባ፣ ውሃ ነው ይበሉት» አልኳቸው። «ዝንብ የዋጠን ሰው ከቁርባን የሚመልሱ እርስዎ አይደሉም? የነሱም ጾም እንደዚያ ነው። አንዲት ጠብታም ብትሆን። ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

ዝንቡን ስጠራባቸው ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁ፤ ደም ከፊታቸው ሸሸ። ባዶውን ጠርሙስ አዩት። እኔን ያሰገዱኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ምንጭ ስንት ሰው ሲድን አይተዋል፤ የሞተ ልጃቸውን እንኳ ሳይሆን ያንን ምንጭ ጠርተው ነው የሚምሉት። ምስክር በሩን ይዞ ትዕግሥቱ አልቋል።

«ቁም ልጄ» አሉት። «ውሃ ነው።»

ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር። ጠርሙሱን ከፍ አድርገው አሳዩት። «ይሄን ሁለት ጊዜ ሞልቼ ውሃ አጠጥቻታለሁ። አሁን ነው፤ እናቷ ስትሄድ። እሷ አታውቅም። እኔ ነኝ።»

ምስክር ጠርሙሱን አየና ወደ ውስጥ ዞሮ ጮኸ። አቁሙ አለ። እግሩ ሲሮጥ ሰማሁት። በሩ ፊቴ ላይ ተወዛውዞ ተዘጋ፤ ደርሶላት ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ አልነበረም። እዚያ የቆምኩትን ያህል በሕይወቴ ቆሜ አላውቅም። ከዚያ ዶክተር ትርሲት ራሷ ልጄን አቅፋ ወጣች። ዓይኗ ተከፍቷል። ነቅታለች። ልጄ ነቅታለች። መርፌው ገና አልገባም ነበር።

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ውሃው ከሆዷ እስኪወርድ እንጠብቃለን፣ ቀጥ አድርገሽ ያዣት፣ እንዳታለቅስ፣ እንዳትስል አለችኝ። እስክንጠብቅ ባቄላው ከተንቀሳቀሰስ አልኳት። ያን ጊዜ ሆዷ ሞላ አልሞላ ይዘናት እንገባለን አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳት።

እንግዲህ ያንን ጥበቃ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ወደፊት የሚያስፈራ፣ ወደኋላ የሚያስፈራ። ቶሎ ግቡ እንዳልል ሆዷ አለ፣ ቆዩ እንዳልል ባቄላው አለ። ደረቴ ላይ አስደግፌ ይዣታለሁ፤ ሲርታው በጀርባዋ አልፎ ለኔ ደረት ይሰማል። እሽሩሩ ልል ፈለግኩ፣ ድምፄ ተንቀጥቅጦ ያስፈራታል ብዬ ተውኩት። ደግነቱ ሽንቷ መጣ። ባልዲ አምጥተውልን ሸናች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሸናች። በሸናች ቁጥር እልል ልል ይደርሰኛል። ሰው በልጁ ሽንት እንዲህ ይደሰታል? ይደሰታል።

አማቴ አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። ግድግዳውን ይዘው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። ጥምጣማቸውን ከራሳቸው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። እኔ ያለ ጥምጣም አይቻቸው አላውቅም፤ ራሳቸው ትንሽ ነው። ሊናደዱብኝ ይችላሉ ብዬ አስቤ ነበር፤ እኔም ልናደድባቸው ፈልጌ ነበር፣ አፌ ላይ የተዘጋጀ ስንት ነገር ነበረኝ። አንዱም አልወጣም።

ምስክር አሁን ትንሽ ብቻ ነው የቀረው ሊለን በመጣበት ሰዓት ጽናት ሳለች። አንዴ። ደግሞ ሳለች። ከዚያ ሳሉ መሃል ላይ ተቆረጠ፣ ልክ እንደዚያ ሳቅ። ሲርታው ጠፋ። ደረቴ ላይ የማዳምጠው ድምፅ ጠፋ። ገልበጥ ሳደርጋት ከንፈሯ ሰማያዊ ነው፤ ዓይኗ እኔን ያያል። ምስክር ከእጄ ነጥቆኝ ሮጠ። ዶክተር ትርሲት ከዚያ ጫፍ እየሮጠች መጣች። በሩ ተዘጋ።

ሲሚንቶው ላይ ወደቅኩ፤ አማቴ አጠገብ። እሳቸው የዘወትር ጸሎታቸውን ሊጀምሩ ይሞክራሉ። በእንቅልፍ ልባቸው የሚያደርሱት ጸሎት የመጀመሪያው ቃል ጠፋባቸው።

«ጌታነሽ፣ ጠበሉን ውሃ አልኩት» አሉኝ። እንደ ሕፃን ነው ያሉኝ። «አሁን በየትኛው አፌ ኪዳነ ምሕረትን ልለምናት?»

እኔ ግዕዝ አላውቅም። የማውቀው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ አልኩ። ደግሜ አልኩት። ብዙ ብዬ ሲሰለቸኝ፣ አይ፣ አይሰለችም፣ ድምፄ ሲያልቅብኝ ማለቴ ነው፣ ከጎኔ የሳቸው ድምፅ በቀስታ ገባ። ከኔ ኋላ ነበር የሚከተሉ፤ ቄሱ ከምራታቸው ኋላ። እንደዚያ እያልን በሩ ተከፈተ።

የዶክተሯ ግንባር በላብ ርሷል። ጨርቅ ላይ የሆነ ነገር ይዛለች። ግማሽ ባቄላ ነው፤ ለበቆልት እንደተዘፈዘፈ አብጦ፣ ቆዳው ተልጦ። ወጥቷል አለች፣ ትተነፍሳለች። ከዚያ የቀረውን ሳትፈልግ ነገረችኝ። መሣሪያውን ስናስገባ ከሆዷ ትንሽ ውሃ ወደ ላይ መጥቶ ነበር፣ ስለምናውቅ ተዘጋጅተን ነበርና ቶሎ መጠጥነው። መጀመሪያ በዚያ ሙሉ ሆዷ ሳናውቅ አስተኝተናት ቢሆን ኖሮ፣ አለችና አማቴን አይታ ተወችው። እሳቸው ግን ሰምተዋል።

ዳኜ ደርሶ አልቅሶ፣ ስቆ፣ ደግሞ አልቅሶ ሊያናድደኝ ሲደርስ ምግብ ግዛ ብዬ ወደ ደጅ ሰደድኩት። ጽናት ከሰዓት በኋላ በወጉ ነቃች። ድምጿ ተሰነጣጥቋል። መጀመሪያ የተናገረችው ጠማኝ ነው። ገና ነው አሉኝ፤ ጠበቅን፤ ደግሞ ጠማኝ አለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምስክር ራሱ መጣና፣ አሁን ይፈቀዳል፣ ትንሽ ትንሽ፣ ውሃ ብቻ አለ። አማቴንም ወደ ውስጥ ያስገባቸው እሱ ነው።

ከቧንቧ በኩባያ ቀድቼ አመጣሁላት። አልወስድም አለች። አያቷን ታያለች። በቤታችን ልማድ ነው፤ እሳቸው ካሉ ሳይባርኩ አይጠጣም። እሳቸው ግን መስቀላቸውን ኮታቸው ውስጥ ከተውታል፤ ቢጫውም ጀሪካን አልጋው ሥር ተገፍቶ ተቀምጧል። ንስሐ ሳልገባ አልባርክም፣ አፌ ረክሷል አሉኝ ቀስ ብለው።

አሁን አፌ ተመለሰልኝ። «አባባ» አልኳቸው፣ «ልጄን ያዳነልኝ የእርስዎ አፍ ነው። ለንስሐ አባትዎ የሚነግሩትን ይንገሩ፤ እኔ አልከለክልዎትም። አሁን ግን ልጅቱ ጠምቷታል።»

መስቀሉን አወጡ። መስቀሉ ኩባያውን መታው፤ ጥቂት ፈሰሰ። በስመ አብ ብለው ባረኩት፤ ድምፃቸው እስከ መጨረሻው አልደረሰም፣ እኔ ነኝ አሜን ብዬ የጨረስኩት።

ጽናት ኩባያውን ተቀብላ ውስጡን አየች። «ጠበይ ነው?» አለች በዚያ በተሰነጣጠቀ ድምጿ።

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። የሚመልሱላት እሳቸው ነበሩ፤ ሁልጊዜም እሳቸው ናቸው። የኔን መልስ ይጠብቁ ነበር።

«አዎ» አልኳት፣ «ጠበል ነው። ቀስ ብለሽ ጠጪ።»

ጠጣች። እኔም አማቴም አጎንብሰን ጉሮሮዋን እናይ ነበር፤ አንድ ጉንጭ በወረደ ቁጥር ትንፋሻችንን ይዘን፣ ቀጥሎ እስክትተነፍስ ጠበቅን።